ጳጉሜን የማያውቅ ማሽን

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ላይ አንድ ወረቀት ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ተራ ይዤ ቆሜ ሳለ መብራት ጠፋ። ባለሱቁ ወደ ጓሮ ዞሮ ጄኔሬተሩን አስነሳው። መጀመሪያ እንደ ሰው ሳለ፣ ቀጥሎ አጉረመረመ፣ ከዚያ የናፍጣ ጭስ በጓሮው በር ገባ። ከፊቴ ያሉት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉ እኔ ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት። አጠገቤ የቆመች ወጣት፣ "አባባ፣ ደህና ነዎት?" አለችኝ። "ደህና ነኝ ልጄ፣ ደባርቅ ደርሼ መጣሁ" አልኳት። ፈገግ ብላ ወደ ስልኳ ተመለሰች። ሽማግሌ ሲቃዥ ብዙ አይጠየቅም። እኔ ግን ዕድሜዬን በማስተማር ጨርሼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና ያልተጠየቅሁትንም ማስረዳት ልማዴ ነው። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ደባርቅ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደረች ከተማ ነበረች። መንገዱ ከጎንደር ይመጣል፣ ዳባትን ያልፋል፣ ደባርቅን ለሁለት ይከፍልና ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ይወርዳል። ዛሬ ባጃጅ የሚተራመስበት ማዞሪያ ላይ ያን ጊዜ የሚታሰሩት በቅሎዎች ነበሩ። በገበያ ቀን የጊች መንደር ሰዎች ገብስና በግ ይዘው፣ ጥቁር የሱፍ ባና ተከናንበው ከጉሙ ውስጥ ብቅ ሲሉ መጀመሪያ የሚታየው የባናው ጫፍ፣ ቀጥሎ የበቅሎው ጆሮ ነበር። ሻይ በአሥራ አምስት ሳንቲም ይጠጣል፤ ስኳር ሲጠፋ ከረሜላ በጉንጫችን ይዘን እንጠጣለን። አንድ ብር ያለው ሰው አሥር እንቁላል ቆጥሮ ይገባ ነበር። እኛ መምህራን የተትረን ሱሪ እንለብሳለን፣ ከታች ሰፋ ያለውን። አዲስ አበባ ከተወው ቆይቷል ይባል ነበር። ጓደኛዬ ይርጋ፣ "ፋሽን ወደ ደባርቅ የሚመጣው በእግሩ ነው፣ ታገሱት" ይል ነበር። በመንገዱ ጥግ ያለችው ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ቴፕ ነበረ። የክራር ዘፈን ይዘፍናል። ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ አብሮ ያረጃል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይጎተታል። ያን ጊዜ ባለቤቷ ባትሪዎቹን አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣቸዋለች፤ ከሰዓት በኋላ ዘፋኙ ጎረምሳ ሆኖ ይመለሳል። ስለ ፖለቲካው ብዙ የምለው የለኝም። ሁላችንም "ጓድ" ነበርን፤ ከሰሜን በኩል ስለሚሰማው ነገር ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራ ነበር፤ መንገዱም አንዳንዴ ይከፈታል፣ አንዳንዴ ይዘጋል።

ይርጋ የዳባት ልጅ ነው። ሒሳብ ያስተምራል። መንግሥት ለትምህርት ወደ ውጭ ልኮት ሁለት ዓመት ቆይቶ ተመልሷል። ሚስቱ ስንዱ በከተማው ክሊኒክ ነርስ ናት። እኔ ያን ጊዜ ወንደላጤ ነበርኩ፤ እነሱ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ሥርዓት እወድ ነበር። ጠመኔዬ በመጠን ተደርድሮ ነው የሚቀመጠው፤ ሰሌዳው ላይ በስተቀኝ በኩል ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ሳልጽፍ ትምህርት ጀምሬ አላውቅም። ይርጋ ስለዚህ "ሰሌዳው" ብሎ ነበር የሚጠራኝ።

"ሰሌዳው፣ ራት ቀርቧል፣ ና!"

"እጄን ልታጠብ።"

"ፍጠን፣ ስለ ውኃ አፈላል ሳታስረዳን እንብላ።" ስንዱ ናት ይህን የምትለው። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ ለኅዳር ትጠብቃለች።

ማሽኑ ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣው እንዲህ ነው። ስለ ስሜን ተራራ ዕፅዋት የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ሁለት በጋ ሠርቶ፣ መንገዱ ሲከፋ ወደ አገሩ ተመለሰ። ሲሄድ ኮምፒውተሩን፣ ማተሚያውንና ትንሽ የናፍጣ ጄኔሬተሩን ለትምህርት ቤቱ ትቶ ሄደ። የኬሚስትሪ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ አስገባነው። ጥቁር መስታወት፣ በላዩ አረንጓዴ ፊደል፤ ከበታቹ ስስ ካሬ ዲስክ የሚጎርሱ ሁለት አፎች። ዘበኛችን አያ ተገኘ ቴሌቪዥን ነው ብለው ስላመኑ ለብዙ ቀን በመስኮት እያዩ ዜና ይጠብቁ ነበር። ፈረንጁ የራሱን ፕሮግራሞች ይዞ ስለሄደ ማሽኑ ባዶ ነበር። ይርጋ ግን ከውጭ አገር ሲመለስ በሻንጣው አንድ ወፍራም መጽሐፍና ጥቂት ዲስኮች ይዞ መጥቷል። ዲስኮቹ ላይ ያለው ዩኒክስ የሚባለውን የትልልቅ ማሽኖች ስርዓት አካሄድ የሚከተል፣ ለማስተማሪያ ተብሎ በትንሹ የተሠራ ስርዓት ነበር።

እንግዲህ ላስረዳ። ኮምፒውተር ብቻውን ደንቆሮ ብረት ነው። ቁልፍ ሲነካ የሚሰማ፣ ዲስኩን የሚያነብ፣ ማተሚያውን የሚያዝ አንድ አስተዳዳሪ ፕሮግራም ይፈልጋል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ፕሮግራም ታሽጎ ነው የሚመጣ፤ ውስጡን አታየውም። የይርጋው ግን ሙሉ ጽሑፉ፣ ሰው አንብቦ ሊረዳው በሚችል ቋንቋ፣ አብሮት ይመጣል። ባለቤቱ ጽሑፉን ይከፍታል፣ ለገዛ ማሽኑ የሚስማማውን ይመርጣል፣ ከዚያ እንደገና ይሠራዋል። ጽሑፉን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ይባላል። ምርጫው ደግሞ በአንዲት ትንሽ የቅንብር ፋይል ነው የሚጻፈው። ማስታወሻህ ምን ያህል ነው? ምን ዓይነት ዲስክ አለህ? ማተሚያህ በየትኛው ቀዳዳ ነው የተሰካው? እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነበር። ዕቃ ተገዝቶ ሲመጣ "እንደዚህ ነኝ፣ ልመደኝ" ነው የሚለው። ይህኛው ግን "ማን ነህ? ምን አለህ? ልስማማህ" ይላል።

ስርዓቱ በእኛ ማሽን ላይ ተነሳ። ማተሚያው ግን ድዳ ሆነ፤ የእኛ በሌላ ቀዳዳ የተሰካ ነበር። በቅንብሩ ፋይል ላይ አንዲት መስመር መለወጥ ይበቃል። መለወጡ አስቸጋሪ አልነበረም፤ ችግሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሌሎቹ ፋይሎች ሁሉ ያችን የቅንብር ፋይል ስለሚያነቡ፣ እሷ ስትለወጥ ሁሉም እንደገና መተርጎም አለባቸው። ማሽኑ ዝግተኛ ነው፤ ሥራው ግማሽ ቀን ይፈጃል። ናፍጣው የሚፈቅድልን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር።

ይርጋ አልተጨነቀም። "ሜክ አለ" አለኝ። ሜክ ማለት ኮምፓይለሩን የሚያዝ አለቃ ነው። አሠራሩን ሲነግረኝ ወዲያው ገባኝ፤ ምክንያቱም ደብተር ስቆጣጠር እኔም የማደርገው እሱን ነው። ተማሪው ከሰሌዳው ቀድቷል? ቀድቷል። ከቀዳ በኋላ ሰሌዳው ተለውጧል? ካልተለወጠ ደብተሩ ደህና ነው፣ እለፈው። ከተለወጠ እንደገና ይቅዳ። ሜክም እንዲሁ ዋናው ጽሑፍ የተጻፈበትን ጊዜና ትርጉሙ የተሠራበትን ጊዜ ያስተያያል። ትርጉሙ ከጽሑፉ በኋላ የተሠራ ከሆነ ይዘለዋል፤ ጽሑፉ ከትርጉሙ ወዲህ የተጻፈ ከሆነ ኮምፓይለሩን ይጠራል። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ሰዓት ብንሠራ፣ ነገ የቀረውን ብቻ ይቀጥላል። ክረምቱ ሳይወጣ ይደርሳል። እኛ ያሰብነው እንዲህ ነበር።

ነገሩ ጭንቅ የሆነው ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ከጎንደር አንድ ኃላፊ በመምጣታቸው ነው። ካኪ ለብሰው፣ እስክሪብቶ ኪሳቸው ላይ ደርድረው፣ የመምህራን ዝውውር ይዘው መጡ። ይርጋ ለጃናሞራ ተመድቧል። ከደባርቅ ጃናሞራ በበቅሎ ሁለት ቀን የሚወስድ የገደል መንገድ ነው። ክሊኒኩ ስንዱን አይለቅም፤ ከእሷ ሌላ ነርስ የለውም። ልጁ ሲወለድ አባትየው ከተራራው ማዶ ሊሆን ነው። ይርጋ ኃላፊውን ወደ ኬሚስትሪው ክፍል ይዟቸው ገባ።

"ጓድ፣ ይህን ማሽን ለትምህርት ቤቱ ሥራ ላውለው እችላለሁ። የተማሪ ውጤት፣ ፈተና፣ ሁሉን ያትማል።"

"ያትማል ወይስ ሊያትም ይችላል?"

"ገና ነው ጓድ፣ ግን…"

"በመስከረም መጀመሪያ እመለሳለሁ" አሉ ኃላፊው። "አትሞ ካየሁ ትቀራለህ። ካላየሁ አንተ ወደ ጃናሞራ፣ ዕቃውም ወደ ጎንደር።"

ሐምሌ ገባ። የደባርቅ ሐምሌ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ጉሙ ቤት ይገባል፣ አልጋ ላይ ይቀመጣል። ከሰዓት በኋላ ሦስታችን እንሰበሰባለን፤ አያ ተገኘ፣ ይርጋና እኔ። አያ ተገኘ ጄኔሬተሩን በማኒቬላ ያሽከረክራሉ፤ ቆብ ቆብ ቆብ ብሎ ይነሳል። ይርጋ ናፍጣውንና የኤሌክትሪኩን ሽቦ ይቆጣጠራል። ማሽኑን የማስነሳው እኔ ነኝ። ባትሪ ያለው ሰዓት ስላልነበረው ዲስኩን በጎረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀንና ሰዓት ነው፤ ወር፣ ቀን፣ ዓመት። እኔም ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው በጥንቃቄ እሞላለታለሁ። ከዚያ ይርጋ ይመጣና ሜክን ይጠራል። የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ በአረንጓዴ ይወርዳል። አንዱ ተተርጉሞ ሌላው ሲጀምር የዲስኩ ድምፅ ክርክር ይላል፤ እኔ ድምፁን ሰምቼ የትኛው ፋይል ላይ እንደደረሰ መናገር ጀምሬ ነበር። ሁለት ሰዓቱ ሲያልቅ እናጠፋለን።

በማግሥቱ ሜክን ስንጠራው ከመጀመሪያው ፋይል ጀመረ።

"ትናንት ይህን ሠርቶታል'ኮ" አለ ይርጋ።

"ምናልባት አላመነውም ይሆናል።"

"ማንን?"

"ራሱን።"

ሦስተኛው ቀንም ከመጀመሪያው። አራተኛውም። ሳምንቱ አለፈ፤ ማሽኑ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ተማሪ "ሀ" ብሎ ይጀምራል፣ ግማሽ ሳይደርስ ናፍጣው ያልቅበታል። የትናንቱ ትርጉም ዲስኩ ላይ አለ ወይ ብለን ስናይ፣ አለ። ስሙም አለ፣ መጠኑም አለ። ግን ሜክ እንዳላየ ያልፈውና እንደገና ያሠራል።

እኔ ነገሩን በሥርዓት ልመርምረው ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ጥፋቱን በብርዱ ላይ ጣልኩት። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ደባርቅን አያውቅም፤ እንዲህ ባለ ከፍታ፣ እንዲህ ባለ እርጥበት ዲስክ ቢረሳ ምን ይገርማል? ስለዚህ ዲስኮቹን በጋቢ ጠቅልለን መያዝ ጀመርን። ይርጋ ብብቱ ውስጥ እያደረገ ይመጣል፤ ማታም ይዟቸው ይተኛል። ስንዱ አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ ከሰሰችው፦

"ሰሌዳው፣ ፍረድ። እኔን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ዲስኩን መሐል አስተኛው። ይህ ባል ነው?"

"እርጥበት እንዳይነካው ነው፣ እህቴ" አልኳት። "የዲስኩ ሽፋን ብናኝ ብረት ስላለበት…"

"በቃ፣ በቃ! ጠየቅሁህ? ፍረድ ነው ያልኩህ።"

አያ ተገኘ የራሳቸው ሐሳብ ነበራቸው። "ሰው በዝቶ አይቶታል" አሉ። "በመስኮት የማያየው የለም። ዐይን ነው። ጨርቅ ጋርዱበት።" ጋረድንበት። ያም አልረዳም። ይርጋ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበ፤ ስለ ሜክ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው፤ "ጊዜያቸውን ያስተያያል" ብሎ ያልፋል። በእጃችን አንድ በአንድ ለኮምፓይለሩ እንስጠው ወይ ብዬ ጠይቄው ነበር። "አለቃው ያላመነበትን እኛ ብንገጣጥመው መሐል ላይ የተበላሸ ካለ በምን እናውቃለን?" አለ። ነሐሴም ወደ ማለቁ ተቃረበ። አንድ ቀን ይርጋ የበቅሎ ኪራይ ሲጠይቅ ገበያ ላይ አየሁት፤ እኔን ሲያየኝ ስለ ገብስ ዋጋ የሚጠይቅ መሰለ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው የሚገርመኝ፣ ስህተቱ በየቀኑ በጣቴ ሥር ማለፉ ነው።

ነሐሴ ሲያልቅ ናፍጣውም አለቀ። አያ ተገኘ ሊገዙ ዳባት ወርደው በጳጉሜ ሦስት፣ በሩፋኤል ተመለሱ። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነው ይባላልና ያን ቀን ሲዘንብ ከተማው ሁሉ ይወጣበታል። ከኬሚስትሪው ክፍል መስኮት ስናይ ልጆች ራቁታቸውን፣ ትልልቆቹ በነጠላቸው፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ይስቃሉ። እኛ ጄኔሬተሩን አስነሳን። ማሽኑ ዲስኩን ጎረሰና ቀን ጠየቀ። እኔም እንደ ልማዴ ወር ብዬ አሥራ ሦስት፣ ቀን ብዬ ሦስት ሞላሁ።

ማሽኑ እምቢ አለ። ቀኑ ልክ አይደለም የሚል መልስ ጻፈ።

እንደገና ሞላሁ። እምቢ አለ።

"ይርጋ፣ ና እስኪ። ቀን አልቀበልም አለ።"

ይርጋ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ፤ የሞላሁትን አየ። ከብዙ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት። "አሥራ ሦስተኛ ወር? ሰሌዳው፣ ይህ የፈረንጅ ማሽን ነው'ኮ። ጳጉሜን ከየት ያውቃል?"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ሐምሌን አሥራ አንድ፣ ነሐሴን አሥራ ሁለት እያልኩ ስሞላ ለምን ዝም አለኝ?"

"አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ወር እሱም ዘንድ ስላለ ነዋ።"

ሁለታችንም እየሳቅን ሳለ ስንዱ ገባች። በዝናቡ ርሳለች፤ ነጠላዋን እየጨመቀች፣ በሻሽ የቋጠረችውን ቆሎ አስቀመጠች። "ምን ተገኘ?" አለች። ነገርናት።

"እንዲህ ያለውንማ እኔም አይቻለሁ" አለች። "ባለፈው ዓመት አብራኝ የነበረችው ጀማሪ ነርስ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ዓመት በእኛ አንብባ፣ 'ይህ ገና ሰባት ስምንት ዓመት ይቆያል' ብላ መደርደሪያ ላይ መለሰችው። ጊዜው ሊያልፍ የቀረው ጥቂት ወር ነበር'ኮ። የፈረንጅ ዕቃ ሁሉ ከፊታችን ነው ያለ፤ እኛ ዘንድ ሲመጣ ካልተወለደ ቀን ነው የሚመጣ።"

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ካልተወለደ ቀን።

"ይርጋ" አልኩት፣ "የይርጋ ዲስኮች ላይ ያሉት ጽሑፎች ዓመታቸው የማን ነው?"

"የይርጋ ዲስኮች ትለኛለህ፣ እኔ ፊትህ ቆሜ?"

"መልስልኝ። ዋናው ጽሑፍ የተጻፈበት ዓመት በማን አቆጣጠር ነው?"

"በፈረንጅ ነዋ፣ እነሱ ናቸው የጻፉት…" ብሎ ጀመረና ዐይኑ እኔ ወደሞላሁት ቀን ዞረ።

አንባቢዬ ሳይቀድመኝ አይቀርም፤ ግን ላስረዳ። ዋናው ጽሑፍ የፈረንጅ ዓመት ይዟል። ትርጉሙ ደግሞ እኔ በየቀኑ የምሞላውን የእኛን ዓመት፤ ማለትም ከዚያ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ያለውን። ስለዚህ ሜክ ሁለቱን ሲያስተያይ፣ ትናንት የተሠራው ትርጉም ከጽሑፉ ብዙ ዓመት ቀድሞ የተሠራ ይመስለዋል። "ይህ ደብተር የተቀዳው ሰሌዳው ሳይጻፍ ነው" ይላል። የትኛውም መምህር እንዲህ ያለ ደብተር ቢያገኝ እንደገና ያስቀዳል። ማሽኑ አልረሳም፣ አልበረደውም፣ ዐይንም አላየውም። በጣም ጠንቃቃ ነበር። እኔም ጠንቃቃ ነበርኩ። ሁለት ጠንቃቆች ክረምቱን በሙሉ ስንታገል ከረምን።

ይርጋ ራሱን ይዞ ወንበር ላይ ተቀመጠ። "ሁለት ዓመት በነሱ ቀን ኖሬ!" ይላል። "ሁለት ዓመት!" ስንዱ እየሳቀች ቆሎውን ታቀርባለች። "እንግዲህ የዛሬን የፈረንጅ ቀን ንገሪኝ" አልኳት፤ ነገረችኝ፤ እኔም ሞላሁ። ማሽኑ ተቀበለ። ያን ቀን ሜክ ከመጀመሪያው ጀመረ፤ የቀድሞው ሁሉ አርጅቷልና። በማግሥቱ ስንጠራው ግን የትናንቶቹን ሁሉ ዘሎ፣ ካቆመበት ላይ ቀጠለ። አያ ተገኘ እንኳ ስንጮህ ደንግጠው ገቡ። በዓመቱ መጨረሻ ቀን፣ ጄኔሬተሩ የመጨረሻውን ናፍጣ ሲምገው፣ አስተዳዳሪው ፕሮግራም ተገጣጥሞ አለቀ። ማሽኑን አጥፍተን አነሳነውና አንድ መስመር ወደ ማተሚያው ላክን። ማተሚያው እንደ ፌንጣ ጮኸ። ወረቀቱ ላይ የወጣው የስንዱ ስም ነበር፤ ይርጋ ነው የጻፈው።

ኃላፊው እንዳሉት በመስከረም መጀመሪያ መጡ። አደይ አበባው መንገዱን ዳር ለዳር ይዞት ነበር። ካኪያቸው ያው ነው፤ እስክሪብቶዎቻቸው ጨምረዋል። ይርጋ አንድ የፈተና ገጽ አተመላቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አድርገው በዝግታ አነበቡ።

"ጥሩ ነው" አሉ። "ማሽኑ እዚህ ይቆያል።"

ይርጋ ሊያመሰግን አፉን ሲከፍት እጃቸውን አነሱ።

"ጃናሞራ ግን አሁንም መምህር የለውም። ያለኝ እናንተን ሁለታችሁን ነው። ማሽኑን የሚያውቀው ይቀራል፤ ሌላው ይሄዳል። ይህን ለሥራ ያበቃው ማን ነው?"

ይርጋ ፊቱ ጠቆረ። ሰው ነውና ትንሽ ዘገየ። ከዚያ፣ "ስህተቱን ያገኘው እሱ ነው" ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ።

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። ወረቀቱን ዘረጉልኝና በአናቱ ላይ ማሽኑ ራሱ ያተመውን ቀን በጣታቸው መቱት። "እንግዲያስ አንተ ንገረኝ። ይህ ምን ማለት ነው? የእኛ ትምህርት ቤት ፈተና በፈረንጅ ቀን የሚታተመው ለምንድን ነው?"

ጥያቄው ልክ እንደ ተቆረጠልኝ ልብስ ነበር። መልሱ ምላሴ ላይ ነበር፤ ሰሌዳው፣ ደብተሩ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ጳጉሜ፣ ሁሉም በተራቸው ተሰልፈው ቆመዋል። ማስረዳት ብጀምር ሰውየው ወዲያው ይገባቸው ነበር። የገባቸው ዕለት ደግሞ የምቀረው እኔ ነኝ። በመስኮቱ ስንዱ ትታየኝ ነበር፤ ክሊኒክ ሳትሄድ ግቢው አጥር ላይ ተደግፋ፣ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"እኔ ቀን ብቻ ነበር የምሞላው፣ ጓድ" አልኩ። "ምክንያቱን ይርጋን ይጠይቁት።"

ይርጋ አየኝ። ከዚያ ማስረዳት ጀመረ። በጣም መጥፎ አድርጎ ነበር ያስረዳው። ሜክን ሳይናገር ወደ ኮምፓይለሩ ሄደ፣ ከኮምፓይለሩ ወደ ቅንብሩ ፋይል ተመለሰ፣ ደብተሩን ጨርሶ አላነሳውም። ሁለት ጊዜ አርመው አርመው የሚል ስሜት ያዘኝና ከንፈሬን ነከስኩ። ኃላፊው ግን እንደ ገባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዱን እስክሪብቶ አወጡና በወረቀታቸው ላይ የይርጋን ስም ሰርዘው የእኔን ጻፉ።

ጃናሞራ የሄድኩት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ስንዱ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ጋቢዬን ደጋግማ አስተካከለችልኝ። ይርጋ እስከ ከተማው ዳር፣ ቤቶቹ አልቀው የገብስ ማሳው እስከሚጀምርበት ሸኘኝ። በቅሎዋን የሚነዳው ሰው ቀድሞን ሄዷል። ይርጋ ድንገት ቆመ።

"ለምን ዝም አልክ?" አለኝ። ተቆጥቶ ነበር። "መልሱን ከእኔ አሳምረህ ታውቀዋለህ። ለምንድን ነው ዝም ያልከው?"

"ጃናሞራን አይቼው አላውቅም" አልኩት።

ሊስቅም ሊያለቅስም ያልወሰነ ፊት አየሁ። አቅፎኝ ተመለሰ። እኔ ግን ያልኩት እውነቴን ነበር። ያ መንገድ ከጉሙ በታች ወዴት እንደሚወርድ፣ ከገደሉ ማዶ ያሉት ልጆች ምን እንደሚጠይቁ ማወቅ እፈልግ ነበር። በቅሎ ነጂው ከታች፣ "ኧረ መምህር፣ ምሽት ሳይቀድመን!" ብሎ ጮኸ፤ እኔም ፈጠን ፈጠን እያልኩ ወረድኩ።